ታሪክ ስታነቡ ስለ ሣሩም ጠይቁ

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን ሙሉ በእንስሳት ሐኪምነት ነው የሠራሁት። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የታሪክ መጽሐፍ ከእጄ አይለይም። አንድ ነገር ልምከራችሁ። ስለ ዘመቻ ስታነቡ በጀግናው ስም ብቻ አትርኩ። ፈረሱ ምን በላ? ብላችሁ ጠይቁ።

ሞንጎሎችን እንይ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን እስያን የረገጠው ፈረሳቸው አጭር ነው፤ ለዓይን ብዙም አይሞላም። ግን በረዶውን በሰኮናው ጭሮ ሣር ያወጣል። ድርቆሽ የሚከምርለት ሰው አያሻውም። ባዝራዋ ትታለባለች፤ ወተቷ ቦክቶ ይጠጣል። ወታደሩ ብዙ ቅያሪ ፈረስ ይዞ ይዘምታል፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ላይ ይወጣል።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» እንላለን። ልክ ነው። ፈረሱን የሚያደርሰው ደግሞ ሣር ነው። አሥር ሺህ ፈረሰኛ አምስት አምስት ፈረስ ቢይዝ ሃምሳ ሺህ አፍ በየቀኑ ይግጣል፣ ይጠጣል። እንዲህ ያለ ጦር አንድ ቦታ ላይ ልክረም ቢል አይሆንለትም።

የሞንጎሎቹ የጦር መሪ ሁላጉ እ.ኤ.አ. በ1258 ባግዳድን ያዘ፤ በ1260 ሶርያ ገባ። ወዲያው አብዛኛውን ጦሩን ይዞ ተመለሰ። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ምክንያት ወንድሙ ታላቁ ካን (የሞንጎሎች የበላይ ንጉሥ) ሞንግኬ መሞቱ ነው። እሱም እውነት ነው። ነገር ግን ሁላጉ ራሱ በ1262 ለፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 9ኛ በላከው ደብዳቤ ስንቁም ሣሩም ማለቁን ጠቅሷል። የሶርያን ካርታ አውጥታችሁ እዩት፤ በበጋ ያን ሁሉ ፈረስ የት ያሰማራዋል? እዚያ የተወውን አነስተኛ ጦር ግብፅን ይገዙ የነበሩት ማምሉኮች በዚያው ዓመት ፍልስጤም ውስጥ አይን ጃሉት ላይ ድል መቱት። እነሱም ፈረሰኞች ናቸው፤ ፈረሳቸውን ግን በጋጣ ገብስ እያበሉ ነው የሚያሳድሩት።

ግጦሽ የሌለው ይገዛል። የቻይናው የሶንግ መንግሥት በ1074 ሲቹዋን ውስጥ መሥሪያ ቤት አቋቁሞ በሻይ ከቲቤት ፈረስ ይለውጥ ነበር።

በ13ኛው ክፍለ ዘመን እስያን የዞረው የቬኒሱ ነጋዴ የማርኮ ፖሎ ወሬ ግን ይብሳል። ደቡብ ሕንድ ውስጥ፣ ከዓረብና ከፋርስ በመርከብ የመጣውን ፈረስ የተቀቀለ ሩዝና ሥጋ ያበሉት እንደነበር ጽፏል። ሥጋ! ሳነበው ለፈረሱ እኔን ሆዴን ቆረጠኝ። አብዛኞቹ ዓመት ሳይሞላቸው ያልቁ ነበር፤ ንጉሡም እንደገና ይገዛል። ሻጮቹ ታዲያ ገበያቸው እንዳይቀዘቅዝ ፈረስ የሚያክም ሰው ወደዚያ እንዲሄድ አይፈቅዱም ነበር ይላል።