ክፍያ ሳይኖር ሀብታምና ድሃ እንዴት ለየብቻ ሆነ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የምንኖረው ስቶክሆልም ቴንስታ ነው፣ ልጄ በሚመጣው ኦገስት ትምህርት ይጀምራል። የሰፈሩ ሀበሾች ብዙዎቹ ልጆቻቸውን በቱነልባና፣ በምድር ውስጥ ባቡር፣ መሃል ከተማ እየላኩ ነው። ባለቤቴ «ሁላችንም ከወጣን እዚህ ማን ሊቀር ነው» ይላል፣ እኔ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ቤቱ ስዊድንኛ የሚያወራ ልጅ ከሌለ ልጄ ቋንቋውን ከማን ሊለምድ ነው እላለሁ። ደሞ ያልገባኝ፣ እዚህ ሀገር ክፍያ የለም አይደል? ታዲያ ሀብታምና ድሃው እንዴት ለየብቻ ተማረ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። አዲስ አበባ ቢሆን መልሱ ቀላል ነው፣ ብር ያለው የግል ይገባል። ስዊድን ግን ከ1992 ጀምሮ ከሕዝብ በጀት ለልጁ የሚመደበው ገንዘብ፣ ስኩልፔንግ የሚሉት፣ ልጁ የሄደበት ትምህርት ቤት ነው የሚሄደው፣ ፍሪስኩላዎቹም፣ በዚሁ ገንዘብ የሚሠሩት የግል ትምህርት ቤቶች ማለት ነው፣ ከወላጅ ክፍያ መጠየቅ አይችሉም። ወረቀት ላይ እኩል ናችሁ ማለት ነው። ነገሩ የሚበላሸው ወረፋው ላይ ነው፣ ብዙ ፍሪስኩላ ቀድሞ የተመዘገበውን ነው የሚያስቀድመው፣ ይሄን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ልጁ ገና አራስ እያለ ያስመዘግባል። እኔ የመጀመሪያ ልጄን ላስመዘግብ የሄድኩት አራት ዓመት ሲሞላው ነበር፣ ጸሐፊዋ ኮምፒውተሯን አየት አድርጋ «እዚህ ያሉት እኮ በተወለዱበት ወር የገቡ ናቸው» አለችኝ በፈገግታ። ያቺን ፈገግታ እስካሁን አልረሳኋትም። ዘግይቶ ሀገር የገባ ሰው እንዴት ነው በተወለደበት ወር የሚያስመዘግበው?

የኮሙዩኖቹ፣ የማዘጋጃ ቤቶቹ ትምህርት ቤቶች፣ ደግሞ ቅርበት ያያሉ፣ ሰፈሩ ራሱ ግን በቤት ዋጋ አስቀድሞ ተለይቷል። እና ምርጫ ብቻውን አይደለም የለየን፣ በተለየው ላይ ግን ይጨምርበታል፣ ምክንያቱም መጀመሪያ የሚወጣው ከወላጅ ስብሰባ የማይቀረው ሰው ነው። አንድ ልጅ ሲወጣ ብሩ አብሮት ይወጣል፣ አስተማሪዋ ግን ያው አንድ ደሞዝ ነው የሚከፈላት፣ ክፍሉም ያው ይሞቃል። ኒሾፒንግ የምትባለው ከተማ ይሄ ሲያስጨንቃት በ2014 የኮሙዩኑን ከፍ ያሉ ክፍሎች፣ ሆግስታዲየት የሚሏቸውን፣ መሃል ከተማ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ሰብስባ የሁሉንም ሰፈር ልጅ ቀላቀለች። ስቶክሆልም ላይ ግን እሱን የሚጠብቅ ሰው ብዙ ይጠብቃል።

ስለዚህ ባለቤትሽ ልክ ነው፣ አንቺም ልክ ነሽ፣ ግን በወሬ አትወስኑ። የትምህርት ቤት «ስም» አብዛኛውን ጊዜ የሚነግርሽ ማን እንደሚማርበት እንጂ እንዴት እንደሚያስተምሩ አይደለም። የሰፈሩንም የመሃል ከተማውንም ትምህርት ቤት በስራ ቀን ሂዱና እዩ፣ ስንቱ አስተማሪ የማስተማር ፈቃድ እንዳለው ጠይቁ፣ ርእሰ መምህሩ በየዓመቱ ይቀየራል ወይስ ቆይቷል? ሩቁን ከመረጣችሁ ደሞ የመንገዱ ወጪ በእናንተ ሊሆን ይችላል፣ ጓደኞቹም ሌላ ሰፈር ናቸው፣ ልደት በተጠራ ቁጥር ባቡር ነው። ስዊድንኛውን እግር ኳስ ክለብም ያስለምደዋል፣ የኔውን ያስለመደው እሱ ነው።

እና ታናሽ ካለው፣ እባክሽ እሱን ዛሬ ማታ አስመዝግቢው።