ያለ ሚኒ-ማግ የሚሸጥ ሬድ ካሜራ ያዋጣል ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ «ሬድ ስካርሌት-ደብሊው ቦዲው ብቻ በደህና ዋጋ ተገኝቷል፣ ሚኒ-ማግ ግን የለውም፤ ካርዱ ለምን እንዲህ ይወደዳል፣ በርካሽስ መተካት ይቻላል ወይ» ብለሃል። ሬድ የሲኒማ ካሜራ አምራች ነው፤ ሚኒ-ማግ ደግሞ ሬድ ለራሱ ካሜራዎች ብቻ ያወጣው መቅረጫ ካርድ ነው። እኔ እዚሁ ሐዋሳ ሠርግም ዶክመንተሪም እሠራለሁ፤ ሬድን የማውቀው በኪራይ ነው፣ መልሴንም ከዚያ አንጻር ውሰደው።

ሻጩ የነገረህ የካሜራውን ሙሉ ዋጋ አይደለም። ያለ ሚኒ-ማግ መቅረጽ አትችልም፤ ለሥራ ደግሞ አንድ አይበቃህም፣ ቢያንስ ሁለት ያስፈልግሃል። አንባቢውም ለሱ ብቻ የተሠራ ስለሆነ ቤትህ ያለው የኤስዲ አንባቢ አይረዳህም። የ480 ጊጋው ሚኒ-ማግ አዲሱ 1,850 ዶላር ይሸጥ ነበር። ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ ይሄ መቶ ሺህ ብርን ትንሽ ያልፋል፤ ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ ራስህ አባዛው። ዱባይ የሚመላለስ ሰው የሚጨምርበትን ሳንቆጥር ማለት ነው።

ለምን ተወደደ ላልከው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ጂኒማግ የሚባል ርካሽ ምትክ የሚሸጥ ድርጅት ካርዱን ፈትቶ ውስጡን በቪዲዮ አሳይቶ ነበር። ከቀፎው ውስጥ የወጣው ሚክሮን ያመረተው ኤምሳታ የሚባል ትንሽ ኤስኤስዲ (መረጃ ማከማቻ) ነው፤ ላፕቶፕ ውስጥ የሚገባው ዓይነት። ሬድ በበኩሉ ዋጋው የዕቃው ብቻ ሳይሆን የምርምሩ፣ የፍተሻውና የፈርምዌሩ (ዕቃው ውስጥ ተጭኖ የሚያሠራው ሶፍትዌር) ጭምር ነው ብሎ ተከራክሯል። እኔ ግማሹን እቀበላለሁ። ሙቀት ውስጥ ሲሠራ ውሎ አንድ ፍሬም የማይጥል ካርድ ለማግኘት መፈተን ግድ ነው፣ ፍተሻም ገንዘብ ይበላል። ግን ጉዳዩ ፍተሻ ብቻ ቢሆን ኖሮ የተፈተኑትን ዝርዝር አውጥቶ «በሌላ ከቀረጽክ በራስህ ኃላፊነት» ማለት ይበቃ ነበር። ሌላው የካሜራ አምራች ብላክማጂክ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

አንዱ ወንድማችን «አሮጌ ቀፎ ገዝተህ ውስጡን በተራ ኤስኤስዲ ቀይረው» ብሎሃል። ተው። ካሜራው ካርዱን በፈርምዌሩ ስለሚለይ ተራውን ኤምሳታ ብታስገባለት አያውቀውም። የሆነ መላ ተገኝቶ ቢያነበው እንኳ፣ የሰው ሠርግ ላይ የሚሞከር ነገር አይደለም።

ደግሞ ሬድ ራሱ ከዚያ መንገድ ወጥቷል። በ2020 የመጣው ኮሞዶ የሚባለው ካሜራው የሚሠራው በሲፋስት 2.0 ካርድ ነው፤ በ2021 የወጣው ቪ-ራፕተር በሲኤፍኤክስፕረስ ታይፕ ቢ። ሁለቱም ብዙ አምራች የሚሠራቸው ካርዶች ናቸው። ይሄ ለኪስ ምን ማለት እንደሆነ ሶኒ ላይ አይተነዋል። ሲኤፍኤክስፕረስ ታይፕ ኤ ካርድ በ2020 ሲመጣ የ160 ጊጋው 400 ዶላር ነበር፣ አምራቹም ሶኒ ብቻ። ሌክሳርና ፕሮግሬድ ሲገቡበት ዋጋው መውረድ ጀመረ። የሶኒው ኤፍኤክስ3 ካሜራ ደግሞ በዚያው ማስገቢያ ተራ ኤስዲም ይቀበላል፤ ከባዱን ስሎሞሽን ካልፈለግክ ደህና ቪ60 (ፈጣን የኤስዲ ካርድ ደረጃ ነው) ይዘህ ሠርግ ትወጣለህ።

እኔ አሁን የምሠራው በብላክማጂክ ፖኬት 4ኬ ነው። በዩኤስቢ-ሲ ውጫዊ ኤስኤስዲ ላይ ይቀርጻል። 4ኬ ብላክማጂክ ሮው (የካሜራው የራሱ ፎርማት) በ5፡1 መጭመቂያ በ30 ፍሬም ሲሆን በሴኮንድ 81 ሜጋባይት ይጽፋል፤ አንድ ቴራ ማለት ሦስት ሰዓት ተኩል ሊሞላ ትንሽ የቀረው ቀረጻ ነው። እዚህ ሐዋሳ ጉዱማሌ አደባባይ ላይ ፍቼ ጨምበላላን ስትቀርጽ ጥቅሙ ይገባሃል፤ በዚያ ሕዝብ መሃል ላፕቶፕ ዘርግተህ ካርድ የምታራግፍበት ቦታም ጊዜም የለም። ችግሩ ኬብሉ ነው። ሙሽራ ቤት በጠባቡ በር ስትገባ የአንዷ እናት ነጠላ ኬብሉን ሳብ ካደረገው ቀረጻው ይቆማል፣ አንተ ደግሞ ዓይንህ ሙሽራዋ ላይ ስለሆነ ቀዩ ምልክት መጥፋቱን ልብ አትልም። ስለዚህ የኬብል መቆለፊያ ያለው ኬጅ (ካሜራውን ዙሪያውን የሚይዝ የብረት ማቀፊያ) ሳትገዛ ኤስኤስዲ አትግዛ። አጭርና ወፍራም ኬብል፣ ኤስኤስዲው ኬጁ ላይ ታስሮ። ይሄ ሁሉ ተደምሮ የአንድ ሚኒ-ማግ ሩቡን አይደርስም።

ርካሽ ስልህ ግን የትም የተገኘውን ማለቴ አይደለም። የታወቀ ስም የተለጠፈበት አስመሳይ ካርድ ሞልቷል፤ 128 ጊጋ ብሎ ውስጡ 16 የሆነ። ኤችቱቴስትደብሊው የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ካርዱን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ ያነበዋል። ያን ሳያልፍ ሥራ ላይ እንዳታወጣው።

ስካርሌቱን ልቤ ወዶታል ካልክ፣ ሻጩን ሁለት ሚኒ-ማግና አንባቢውን ጨምሮ በአንድ ዋጋ ጠይቀው። ይዞ ከመጣ ካርዶቹን እዚያው ካሜራው ላይ ፎርማት አድርግ፣ በምትሠራበት ፍሬም ሬት እስኪሞሉ ቅረጽ፣ ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ገልብጠህ የሬድ ቪዲዮ በሚከፍተው በሬድሲን-ኤክስ ፕሮ ክፈታቸው፤ ፕሮግራሙ ነፃ ነው። ግማሽ ቀን ይፈጅብሃል፣ ሻጩም ሊሰለች ይችላል፤ ይሰልች። ካርድ የለኝም ካለህ ግን እኔ አልገዛውም። ለማስታወቂያ ሥራ ሬድ ሲፈለግ ከነካርዱ ከአዲስ አበባ ተከራይተህ ኪራዩን ደንበኛው ሒሳብ ላይ ትጨምራለህ። ሻጩ የጠራልህን ዋጋ እዚህ ጻፈውና ኮሞዶ ካላቸው ልጆች ጋር እናስተያየው።