ልጆችን ይዞ ቫንኩቨር አንትሮፖሎጂ ሙዚየም፦ ከተማሪ አስጎብኚዎቹ ጋር

ሰላም እህቴ። የጠየቅሽው ሁለት ነገር ነው። በዩቢሲ (የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ) ግቢ ያለውን የአንትሮፖሎጂ ሙዚየም ከልጆች ጋር ለማየት የካናዳ ነባር ሕዝቦች ተማሪዎች የሚያስጎበኙበትን ጊዜ መጠበቅ ይሻላል ወይ? ደግሞስ «ቶተም ጣዖት አይደለም ወይ፣ ልጆቼን ምን ልበላቸው?»

ከሁለተኛው ልጀምር፤ ብዙ ሐበሻ በር ላይ የሚያቅማማው በሱ ነው። የቶተም ምሰሶ፣ ነባር ሕዝቦቹ ከረጅም ግንድ የሚቀርጹት፣ አይመለክም፣ አይሰገድለትም። የቤተሰብ ምልክትና የዘር ታሪክ የተቀረጸበት ነው። አንዱ ለሞተ አለቃ መታሰቢያ የቆመ ነው፣ ሌላው የቤት ምሰሶ ሆኖ ጣሪያ የተሸከመ። ለልጆችሽ «በእንጨት ላይ የተጻፈ የዘር ሐረግ ነው» ብትያቸው በቂ ነው፤ ቀሪውን ተማሪዎቹ ያስረዷቸዋል።

ወደ መጀመሪያው ስንመጣ፣ አዎ ጠብቂ። ሙዚየሙ ከ1979 ጀምሮ በከተማው የሚኖሩ የነባር ሕዝቦች የሃይስኩል ተማሪዎችን እያሠለጠነ ያሠራል። የሚያስጎበኙት ትምህርት ሲዘጋ በሰመር ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በገና እረፍት ሄዶ «የት አሉ?» ይላል። ሐሙስ ማታ ቲኬቱ በግማሽ ዋጋ ስለሆነም ብዙዎች ያን ሰዓት ይመርጣሉ፣ ግን የተማሪዎቹ ጉብኝት ሊያመልጥሽ ስለሚችል የዕለቱን ፕሮግራም በስልክ አረጋግጪ። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን በቡድን የምትወስዱ ከሆነ ከሳምንታት በፊት አስይዙ።

ከመግባታችሁ በፊት ልጆቹን የምሰሶዎቹን ምስል መለየት አስተምሪያቸው፤ ጉብኝቱ ያኔ ነው የሚጥማቸው። ቀጥ ያለ ምንቃር ቁራ ነው፣ ወደ ታች የታጠፈ ንስር። ሁለት ትልልቅ የፊት ጥርስና መስመር የተጠላለፈበት ሰፊ ጭራ ያለው ቢቨር ነው፣ ዛፍ በጥርሱ የሚቆርጥ የውኃ እንስሳ። ጀርባው ላይ ክንፍ የቆመለት ዓሣ ነባሪ ነው። ታላቁ አዳራሽ ሲገቡ ባለ 15 ሜትሩ መስታወት ሥር የቆሙትን ምሰሶዎች ራሳቸው ያነብባሉ። (አዳራሹ ለመሬት መንቀጥቀጥ ማጠናከሪያ ተዘግቶ ቆይቶ በ2024 ተከፍቷል።)

ተማሪው ነባር ሕዝቦቹ ስለሚሠሯቸው የእንጨት ሣጥኖች ሲያወራ ጠጋ በሉ። አራቱም ግድግዳ የተሠራው ከአንድ የሬድ ሲዳር (የዝግባ ዓይነት ዛፍ) ጣውላ ነው። በሦስት ቦታ ቦይ ይወጣለታል፣ በእንፋሎት ይለሰልሳል፣ ይታጠፋል። አራተኛው ማዕዘን ብቻ በእንጨት ችንካር ይያያዛል ወይም ይሰፋል። በደንብ የተሠራው ውኃ ስለማያፈስ የጋለ ድንጋይ እየተጨመረበት ምግብ ይበስልበት ነበር። ልጆችሽ ማዕዘኖቹን እየዞሩ መገጣጠሚያውን ይፈልጉ፤ ያለው በአንዱ ላይ ብቻ ነው።

ሌላም አለ፤ ይሄኛው የኛ ልጆች ልዩ ዕድል ነው። ሙዚየሙ ያረፈበት የመስክዊም ሕዝብ መሬት ነው፤ ቋንቋቸው ሀንቀሚነም ይባላል። እንግሊዝኛ ብቻ የሚናገር ሰው የሚያቅተው ጥ፣ ጵ፣ ቅ ዓይነት ፈንጂ ድምፅ አለው። የቋንቋውን ስም ሲሰሙ ልጆችሽ ቅ-ን ከጉሮሮ ጠለቅ አድርገው ይሞክሩት፤ በአማርኛ አፋቸው ብዙም አይቸግራቸውም።

አስጎብኚው የ16 ወይም የ17 ዓመት ልጅ ሊሆን እንደሚችል አትርሺ። ድምፁ ዝቅ ቢል ከፊት ቁሙ፤ ከኋላ ሆኖ በአማርኛ ማስተርጎም ንግግሩን ስለሚያቋርጥ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ስትሸጋገሩ አድርጉት። የሃይዳ (ከነባር ሕዝቦቹ አንዱ) ምሰሶ የሚያስረዳው ልጅ ራሱ ሃይዳ ላይሆን ይችላል። «ከየትኛው ሕዝብ ነህ?» ማለት ይቻላል፤ «ምን ያህል በመቶ ነባር ነህ?» ማለት ነውር ነው። የነባር ሕዝቦች ልጆች ከቤተሰብ ተነጥለው ይገቡባቸው ስለነበሩት አዳሪ ትምህርት ቤቶች የቤተሰቡን ሐዘን አትቆስቁሱበት፤ ከፈለገ ራሱ ያነሣዋል። ፎቶ ሲሆን ፈቃድ ጠይቁ። ምሰሶ መንካት የለም፤ የእጅ ላብና ቅባት እንጨቱን ይጎዳል። የጀርባ ቦርሳ ሲዞሩ ዕቃ ስለሚመታ በር ላይ ይቀመጥ።

የምመክርሽ ጥያቄ «ይህ ዕቃ እዚህ እንዴት መጣ?» የሚለው ነው። የካናዳ መንግሥት ፖትላች የተባለውን፣ ስም የሚሰጥበትንና ለታዳሚው ስጦታ የሚታደልበትን ታላቅ ድግስ ከ1885 እስከ 1951 በሕግ ከልክሎ ነበር። በ1921 አንድ ድግስ ላይ ሰዎች ታስረው ጭምብላቸው ተወርሷል። ከመቅደላ በ1868 የተወሰደውን ቅርስ የሚያውቅ ልጅ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

የሃይዳውን ቀራጺ የቢል ሪድን «ቁራውና የመጀመሪያዎቹ ሰዎች» ለመጨረሻ አቆዩት። በ1980 የተመረቀ የቢጫ ሲዳር ቅርጽ ነው፤ የቆመውም የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መድፍ ተተክሎበት በነበረው ቦታ ላይ ነው። ከፊት ብቻ አታዩት፤ ዙሩትና ከቁራው ሥር ካለው ዛጎል የሚወጡትን ሰዎች ፊት አንድ በአንድ ተመልከቱ። አንዱ ገና ጀርባውን ሰጥቶ ለመውጣት ይፈራል።

በ99 ቁጥር አውቶቡስ እስከ መጨረሻው ሂዱ፤ ከዚያ በእግር 15 ደቂቃ ያህል ነው። ለሁሉም 2 ሰዓት ተኩል ያዙ። ከሕንፃው ጀርባ ያሉትን የሃይዳ ቤቶች ለማየት ደግሞ ጃኬት አትርሱ፤ ከባሕሩ ነፋስ ይመጣል።