ለሄድለስ ሲኤምኤስ የገንቢነት ፈተና መዘጋጀት፦ ከኮዱ በፊት የይዘቱ ቅርጽ

ውድ ጠያቂ፣

በደብዳቤዎ እንደገለጹልኝ ሁለት ዓመት ያህል ሪአክት በተባለው የኮድ መሣሪያ የድረ ገጽ ገጽታ ሲሠሩ ቆይተዋል። አሁን ኮንቴንትፉል በተባለው የሄድለስ ሲኤምኤስ (የይዘት ማስተዳደሪያ ሥርዓት) መድረክ ላይ የገንቢነት የምስክር ወረቀት ለመያዝ ስምንት ሳምንት መድበዋል፤ የሥልጠና ቪዲዮዎቹን በሙሉ ቢጨርሱም የመለማመጃውን ፈተና ሦስት ጊዜ ወስደው ሦስቱንም ጊዜ ከማለፊያው በታች ሆኖብዎታል። የጠየቁኝም ሦስት ነገር ነው፦ የጎደለኝ ምንድን ነው፣ በኢንተርኔት የሚሸጡትን የጥያቄ ክምችቶች ገዝቼ ላጥና ወይ፣ ወረቀቱስ ሥራ ያስገኝልኛል ወይ። በመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ የሁለቱ መልስ በአብዛኛው ከእሱ የሚመዘዝ ነውና።

አያይዘው የላኩትን የውጤት ዝርዝር ተመልክቻለሁ። የኤፒአይ (ፕሮግራሞች መረጃ የሚለዋወጡበት በር) ጥሪ፣ ጄሰን የተባለው የመረጃ አጻጻፍ ንባብና ግራፍኪውኤል የተባለው የመጠየቂያ ቋንቋ ጥያቄዎችን ከሞላ ጎደል መልሰዋል፤ ደጋግመው የተሳሳቱት በይዘት ሞዴል፣ ማለትም ይዘቱ በምን በምን ተከፋፍሎ እንደሚያያዝ በሚነደፍበት ክፍል ነው። ይህ ከገጽታ ሥራ በሚመጡ ገንቢዎች ላይ በብዛት የማየው ችግር ስለሆነ አላስገረመኝም። የገጽታ ሠራተኛ ዓይኑ ገጽ ለማየት የሠለጠነ ነው፤ ንድፉን አንሥቶ ከላይ ያለውን ትልቅ ሥዕል፣ ከሥሩ ያለውን ርዕስ፣ በግራ ያለውን ሳጥን እያየ ለእያንዳንዱ አንድ ፊልድ (የመረጃ መሙያ ቦታ) ይከፍታል። ሄድለስ የተባለው ሥርዓት ግን ስያሜው እንደሚያመለክተው ራስ የለውም። ራስ የተባለው ገጽታው ነው፤ ሥርዓቱ ይዘቱን ብቻ ይዞ በኤፒአይ በኩል ለድረ ገጽም፣ ለስልክ መተግበሪያም፣ ገና ላልተሠራ ሌላ ማሳያም ያቀርባል። ስለዚህ «የግራ ሳጥን» ተብሎ የተሰየመ ፊልድ በስልክ ማያ ላይ ግራም ሳጥንም ስለማይኖር ትርጉም ያጣል፤ «ተዛማጅ ጽሑፎች» ተብሎ ቢሰየም ግን የትም ቢሄድ ምንነቱን ይዞ ይሄዳል።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ቀረብ አድርገን እንየው። «ጽሑፍ» የሚባል የይዘት ዓይነት ሠርተው ርዕስ፣ አካል፣ የጸሐፊ ስምና የጸሐፊ ፎቶ የሚሉ አራት ፊልዶች ሰጡት እንበል። በመጀመሪያዎቹ አሥር ጽሑፎች ሁሉም ደህና ነው። አንዲት ጸሐፊ ስድሳ ጽሑፍ ከጻፈች በኋላ ፎቶዋን ስትቀይር ግን አርታኢው ስድሳ ኢንትሪ (በይዘት ዓይነቱ መሠረት የተሞላ አንድ ይዘት) እየከፈተ ስድሳ ጊዜ ማስተካከል ይኖርበታል፤ ሦስቱን ቢዘነጋ ደግሞ አንዲት ሰው በሁለት ፎቶ ትታያለች። ጸሐፊውን ለብቻው የይዘት ዓይነት አድርጎ ከጽሑፉ በሪፈረንስ (ወደ ሌላ ኢንትሪ በሚጠቁም ማያያዣ) ማገናኘት ይህን ያስቀራል። እስከዚህ ያለውን ማንኛውም የሥልጠና ቪዲዮ ይነግርዎታል፤ ፈተናው የሚከብደው ከዚህ በኋላ ነው። ሁሉን ነገር መነጣጠልም ስሕተት ስለሆነ፣ የአንድ ማስታወቂያ አዝራር ላይ የሚጻፈውን «ተጨማሪ ያንብቡ» የሚል ሐረግ ራሱን የቻለ ኢንትሪ ካደረጉት፣ አርታኢው ሁለት ቃል ለመለወጥ ሦስት ማያ ገጽ ሊያልፍ ነው። እኔ ስመዝን ራሴን የምጠይቀው ይህ ነገር ያለ ወላጁ ብቻውን ሊኖር ይችላል ወይ፣ ከአንድ ቦታ በላይ ያገለግላል ወይ፣ የሚያዘምነውስ ሌላ ሰው ነው ወይ ብዬ ነው። ለሦስቱም መልሱ «አይደለም» ከሆነ እዚያው ፊልድ ሆኖ ይቅር። የተሳሳቱባቸው ጥያቄዎች አብዛኞቹ አራቱም ምርጫዎች በተግባር የሚሠሩባቸው፣ ነገር ግን አንዱ ብቻ ለአርታኢው የሚቀልባቸው ናቸው። ፈታኙ በአርታኢው ወንበር ተቀምጠው እንዲያስቡ ይፈልጋል፤ እርስዎ ግን በገንቢው ወንበር ተቀምጠው ነው የመለሱት።

ስለዚህ ቪዲዮውን ያቁሙና በደንብ የሚያውቁትን አንድ ጉዳይ፣ ለምሳሌ የትምህርት ኮርሶችን ዝርዝር፣ በወረቀት ላይ ይንደፉ፤ ከዚያ በመድረኩ ላይ ሠርተው ሃያ ያህል ኢንትሪ በእጅዎ ያስገቡ። በእጅ ማስገባቱን አይዝለሉት፤ የአርታኢው ድካም የሚገባዎት በአሥራ አምስተኛው ኢንትሪ ላይ ነው። ቀጥለው ሆን ብለው ሞዴሉን የሚያናጋ ለውጥ ያምጡበት፦ ሁለተኛ ቋንቋ ይጨመር፣ አንዱ ኮርስ ሁለት አስተማሪ ይኑረው፣ አንዱ ክፍል በሁለት ኮርሶች ውስጥ ይታይ። የተናጋውን ነገርና ያስተካከሉበትን መንገድ በማስታወሻ ይያዙ። ከዚህ የሚያገኙትን ያህል ከሌላ ምንጭ የሚያገኙ አይመስለኝም።

ሪፈረንስ ከተነሣ አይቀር፣ ፈተናው ግንኙነቱ በኤፒአይ እንዴት እንደሚመለስም ይጠይቃል። በኮንቴንትፉል የተያያዙት ኢንትሪዎች ከዋናው ተለይተው «ኢንክሉድስ» በተባለው የምላሹ ክፍል ይመጣሉ፤ ጥልቀቱ ካልተገለጸ አንድ ደረጃ ሲሆን ከፍተኛው አሥር ነው። የተያያዘው ኢንትሪ ገና ካልታተመ ደግሞ ማያያዣው ብቻ መጥቶ ይዘቱ ይቀራል፤ ይህን የማያውቅ ገንቢ ጥፋቱን በራሱ ኮድ ውስጥ ሲፈልግ ይመሻል። ስትራፒ በተባለው ሌላ የሄድለስ መድረክ በአንጻሩ ግንኙነቶች «ፖፑሌት» ተብሎ ካልተጠየቁ በቀር አይመጡም፤ ሳኒቲ በተባለው ሦስተኛ መድረክ ደግሞ የመታወቂያ ቁጥሩን የያዘ ሪፈረንስ ይመለስና በግሮክ የጥያቄ ቋንቋ ቀስት ምልክት ተከትለው ይዘቱን ያወጣሉ። ሦስቱን ያነሣሁት ሦስቱንም እንዲያጠኑ አይደለም፤ ጽንሰ ሐሳቡ አንድ፣ ልማዱ ግን የየመድረኩ መሆኑን ለይተው እንዲይዙ ነው። በዚሁ አጋጣሚ፣ ኮንቴንትፉል የኢንትሪ ስብስብ ሲጠየቅ ብዛቱ ካልተገለጸ በአንድ ጊዜ 100 ብቻ ይመልሳል፤ ከፍተኛው 1000 ነው። «101ኛው ጽሑፍ ለምን አልታየም?» የሚል ጥያቄ ቢገጥምዎ መልሱ ያለው እዚሁ ነው።

ሁለተኛው ድክመትዎ የቶከን፣ ማለትም ኤፒአይ ለመጥራት የሚያስፈልገው የመግቢያ ቁልፍ፣ እና የረቂቅ ይዘት ጉዳይ ነው። መድረኩ የታተመውን ብቻ የሚሰጥ የማድረሻ ኤፒአይ፣ ረቂቁንም የሚያሳይ የቅድመ ዕይታ ኤፒአይ፣ የሚጽፍና የሚለውጥ የማስተዳደሪያ ኤፒአይ አለው፤ ለየራሳቸውም የተለየ ቶከን ያስፈልጋል። ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት ገንቢ ሳለሁ፣ አብሬው የሠራሁት አንድ ቡድን የቅድመ ዕይታውን ቶከን በአሳሹ ውስጥ በሚሠራው ኮድ ላይ ትቶት ነበር፤ ሊታተም ሁለት ቀን የቀረው ማስታወቂያ የገጹን ምንጭ በከፈተ ሰው ሁሉ ተነበበ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ይህ ቶከን የሚኖረው የት ነው? በሰርቨር ወይስ በአሳሽ?» ሳልል ምንም ኮድ አላልፍም፤ እርስዎም ጥያቄው ላይ ቶከን የሚል ቃል ባዩ ቁጥር መጀመሪያ ይህን ይጠይቁ።

የቀሩት ርዕሶች ጥቂት ቀን ቢሰጧቸው ይበቃቸዋል። ይዘት ሲታተም ዌብሁክ (ለሌላ ሥርዓት በራሱ የሚላክ ማሳወቂያ) ወጥቶ ገጹን እንደገና እንደሚያስገነባ፣ 429 የሚል ምላሽ የጥሪ ብዛት ገደብ አልፏልና ጠብቀው ይድገሙ ማለት እንደሆነ፣ 409 ደግሞ አንድን ኢንትሪ ሌላ ሰው አስቀድሞ ስለለወጠው የያዙት የእትም ቁጥር አርጅቷል ማለት እንደሆነ በተግባር አንድ ጊዜ ካዩት አይረሱትም። ሁለቱንም ስሕተቶች ሆን ብለው ያስከትሏቸው።

ወደ ጥያቄ ክምችቶቹ ስንመጣ፣ አይግዟቸው። ፈተና ሲመዘገቡ የሚቀበሉት ውል አብዛኛውን ጊዜ ይህን ይከለክላል፤ የተያዘ የምስክር ወረቀትም ሊሰረዝ ይችላል። ያ ባይሆን እንኳ ዕቃው ቶሎ የሚበላሽ ነው። ስትራፒ እ.ኤ.አ. በ2024 አምስተኛውን እትም ሲያወጣ፣ በአራተኛው «አትሪቢዩትስ» በተባለ ሽፋን ውስጥ ይመጣ የነበረው ይዘት ያለ ሽፋኑ መምጣት ጀመረ፤ ኢንትሪ የሚጠራበት መለያም «ዶኪዩመንት አይዲ» ሆነ። የአራተኛውን እትም መልስ የሸመደደ ሰው እንዲህ ባለ ለውጥ ማግሥት ትክክል መስሎት ይሳሳታል። ከክምችቱ ይልቅ ፈተናውን የሚሰጠው ድርጅት ያወጣውን የፈተና መመሪያ አትመው፣ በእያንዳንዱ ርዕስ አጠገብ በሠሩት ሞዴል ላይ የት እንዳገኙት ይጻፉ፤ ባዶ የቀረው መስመር የሚቀጥለው ጥናትዎ ነው።

ሥራን በተመለከተ በግልጽ ልናገር። ወረቀቱ የሚመዝነው ከመድረኩ ባለቤት ጋር በአጋርነት ለሚሠሩ የግንባታ ድርጅቶች ሲያመለክቱ ነው፤ በሌላው ቦታ በማመልከቻዎ ላይ አንድ መስመር ሆኖ ይቀራል። ይሁንና ለፈተናው ሲሉ የገነቡት ሞዴል ከወረቀቱ በላይ ያገለግልዎታል፤ ቃለ መጠይቅ የሚያደርግልዎ ገንቢ «ለምን እንዲህ ለያየኸው?» ብሎ ሲጠይቅ የያዙት ማስታወሻ መልስ ይሆናልና። ዕውቀቱም በአንድ መድረክ አይታጠርም፦ ገጽታንም ይዘትንም አንድ ላይ ከሚይዙት ነባር ሥርዓቶች ዎርድፕሬስ እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ በወጣው 4.7 እትሙ የይዘት ሬስት ኤፒአይን በውስጡ አካቷል፣ ድሩፓልም እ.ኤ.አ. በ2019 በ8.7 እትሙ ጄሰን ኤፒአይን ከዋናው ጋር አዋሕዷል፤ ስለዚህ ሁለቱንም እንደ ሄድለስ የሚጠቀሙ ቡድኖች ዘንድ ያው የሞዴል ጥያቄ ይጠብቅዎታል። በማመልከቻዎ ላይ የምስክር ወረቀቱን ለብቻው አያስቀምጡት፤ ከፕሮጀክቱ ማገናኛ ጎን ከነዓመተ ምሕረቱ ይጻፉት።

ስለ ጊዜው፣ ከስምንቱ ሳምንታት አምስቱን ለግንባታው ይስጡ። የመለማመጃ ፈተናውን እስከ ስድስተኛው ሳምንት እንዳይነኩት እለምንዎታለሁ፤ በሦስተኛው ሙከራ ውጤትዎ ጥቂት ከፍ ያለው ጥያቄዎቹን ስላስታወሱ እንደሆነ እጠረጥራለሁ። ፈተናውን ከቤት የሚወስዱ ከሆነ፣ በመታወቂያዎ ላይ ያለው ስም ከተመዘገቡበት ስም ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን አሁኑኑ ያረጋግጡ። በወረቀት የነደፉትን የመጀመሪያ ሞዴል ቢልኩልኝ አይቼ አስተያየቴን እጽፍልዎታለሁ፤ ሁለተኛውን ቋንቋ ሲጨምሩ ያንን የመጀመሪያውን ንድፍ አይጣሉት፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት እፈልጋለሁ።