አሮጌ የጦር ተሽከርካሪ ለማደስ ለተነሣችሁ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፤

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አሮጌ የጦር ተሽከርካሪዎችን እየፈለጋችሁ የምትገዙና የምታድሱ ልጆች ቁጥራችሁ እየበዛ መምጣቱን በደስታ አያለሁ። አንዳንዶቻችሁ ጋራዥ ድረስ እየመጣችሁ ምክር ትጠይቁኛላችሁ። ዕድሜዬን በአብዛኛው ከመኪና ሥር ተኝቼ ያሳለፍኩ፣ በኋላም ሙያውን ለተማሪዎች ያስተማርኩ ሰው ስለሆንኩ የማውቀውን ላካፍላችሁ ፈቃደኛ ነኝ። ጥያቄያችሁ ግን ሁልጊዜ የሚጀምረው ሞተሩን እንዴት ላስነሣው፣ ቀለሙን ከየት ላምጣው ከሚለው ነው። እኔ ከዚያ በፊት ያለውን ጉዳይ አስቀድማለሁ፤ መፍቻ ከማንሣታችሁ በፊት የያዛችሁት ነገር ምን እንደሆነ እወቁ። አሮጌ የጦር ተሽከርካሪ የት እንደተሠራ፣ በማን ሠራዊት እንዳገለገለ፣ የት እንደተጋጨና በማን እጅ እንደተበየደ በላሜራውና በሻንሲው ላይ ተጽፎበት ይኖራል። ጦርነቱና ዝናቡ ያላጠፉትን ያንን ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የሚያጠፋው በቅን ልቡና የተነሣ አዳሽ ነው።

በብዛት የሚገኘውም፣ በብዛት በስሕተት የሚጠራውም ጂፕ ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1940 ቀላል የቅኝት መኪና ሲፈልግ ቀድሞ ናሙና ያቀረበው ባንታም የተባለ አነስተኛ ኩባንያ ነበር፤ መኪናውንም በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 23 ቀን ሜሪላንድ ውስጥ ለሚገኘው ለሆላበርድ የጦር ሰፈር አስረከበ። ዋናውን የማምረት ውል ግን ዊሊስ ወሰደው። የአንድ ፋብሪካ ምርት እንደማይበቃ ስለታወቀ ፎርድም በዊሊስ ንድፍ ያንኑ መኪና እንዲሠራ ተደረገ። የዊሊሱ ኤም ቢ፣ የፎርዱ ጂ ፒ ደብሊው ይባላል፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እስኪያበቃ ድረስ ሁለቱ ፋብሪካዎች በድምሩ ከ600,000 በላይ ሠርተዋል። ሆን ተብሎ የአንዱ ዕቃ ለሌላው እንዲገጥም ስለተደረገ የጦሩ ጥገና ክፍሎች ያገኙትን እያነሡ ይገጥሙ ነበር። በዚህ ምክንያት ዛሬ በፊታችሁ የቆመው ጂፕ ሻንሲው የፎርድ፣ ሞተሩ የዊሊስ፣ ካምቢዮው ደግሞ ከሌላ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ በምን ይለያል? ከራዲያተሩ ሥር ጎንበስ ብላችሁ ሁለቱን የሻንሲ እግሮች ከፊት የሚያያይዘውን ብረት ተመልከቱ። ድቡልቡል ቱቦ ከሆነ የዊሊስ ሻንሲ ነው፤ አፉ ወደ ታች የተደፋ ቦይ የሚመስል ከሆነ የፎርድ ነው። ከዚያ ወደ ብሎኖቹ እለፉ። ፎርድ በሚያመርታቸው ዕቃዎች ላይ፣ በትንሹ ብሎን ራስ ላይ ሳይቀር፣ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ያትም ነበር። የሽቦ ብሩሽ አትጠቀሙ፤ በናፍጣ በራሰ ጨርቅ አንድ በአንድ እየጠረጋችሁ የእጅ ባትሪ በጎን አብሩበት። ከግራሶው ሥር ያቺ ጠማማ ኤፍ ብቅ ስትል የሚሰማውን ደስታ የሠራው ያውቀዋል። የሻንሲውን ቁጥር ፎርድ በግራው የሻንሲ እግር አናት ላይ ብረቱን እየመታ ሲጽፈው፣ ዊሊስ ግን በትንሽ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ከፊት መከላከያው ኋላ በግራው እግር የውስጥ ገጽ ላይ ያስረዋል። ሰሌዳ የሚነቀልና የሚተካ ነገር ስለሆነ በሰሌዳ ብቻ አትመኑ። የሞተር ቁጥር ደግሞ ከሁሉም የደከመ ማስረጃ ነው፤ ሞተር በየጥገናው ይለወጥ ነበር። ቦዲውም ቢሆን ከ1944 ገደማ ጀምሮ ለሁለቱም ፋብሪካዎች ከአንድ ሠሪ ይቀርብ ስለነበር ብቻውን አይመሰክርም።

አንድ ጊዜ ሊብሬው ላይ 1942 ተብሎ የተጻፈለት ጂፕ እንዳይላቸው የጠሩኝ ሰው ነበሩ። ኮፈኑን ሳልከፍት ከሩቅ ነበር ያወቅሁት፤ የፊቱ ፍርግርግ ቀዳዳ ሰባት ነው፣ የጦሩ ጂፕ ዘጠኝ ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ የዊሊስ ምርቶች በስተቀር፣ እነርሱም ፍርግርጋቸው በብየዳ ከተያያዙ ብረቶች የተሠራ ነው። ጠጋ ስል የነዳጁ መሙያ በጎን በኩል ወጥቷል፤ በጦሩ ጂፕ ላይ ግን ሳልባትዮው ከሾፌሩ ወንበር ሥር ስለሆነ ነዳጅ ለመሙላት ወንበሩን ማንሣት ያስፈልጋል። ከኋላው ደግሞ የሚከፈት በር ነበረው። መኪናው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ለገበሬና ለነጋዴ የተሠራ ሲ ጄ 2 ኤ ነበር። ባለቤቱ ተቆጡ እንጂ አልተደሰቱም። ሆኖም ያ መኪና በራሱ ማንነት የተከበረ መኪና ነው፤ የወታደር ቀለም ቢቀቡት ግን ሁለቱንም ያጡ ነበር። በውጭ አገር ገበያ ለምትገዙም ከዚህ የባሰ ወጥመድ አለ፤ ፈረንሳዮች ከጦርነቱ በኋላ በሆችኪስ ፋብሪካ የሠሩት ባለ 24 ቮልት ጂፕ የጦርነቱ ዘመን ነው ተብሎ በብዛት ይሸጣል፣ በፊሊፒንስም አዲስ ቦዲ ከነሙሉ ቅርጹ ይመረታል።

በአገራችን ያለው ሀብት ከጂፕ ያለፈ ነው፤ የመጣበትንም ዘመን ማወቅ ግማሹን ሥራ ያቀልላችኋል። የጣሊያን ወረራ ፊያትና ላንቻ ከባድ ካሚዮኖችን አመጣ። እ.ኤ.አ. በ1941 የእንግሊዝና የደቡብ አፍሪካ ጦር ሲገባ የካናዳና የአሜሪካ መኪናዎች ተከተሉት። እ.ኤ.አ. በ1953 ከአሜሪካ ጋር የወታደራዊ ዕርዳታ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ የአሜሪካ ጂፖችና ጭነት መኪናዎች መጡ፤ እ.ኤ.አ. ከ1977 ወዲህ ደግሞ ዋዝ፣ ዚል፣ ኡራልና የምሥራቅ ጀርመኑ ኢፋ ቦታውን ያዙ። መሪው በቀኝ በኩል የሆነ አሮጌ ካሚዮን ስታዩ ግን ወዲያውኑ የእንግሊዝ ነው አትበሉ። የዚያ ዘመን የጣሊያን ከባድ ካሚዮኖች መሪያቸው በቀኝ ነበር፤ በጠባብ የተራራ መንገድ ላይ ሾፌሩ የገደሉን ጠርዝ ከመስኮቱ ሥር እንዲያይ ይጠቅመዋል። ሊማሊሞን በዝናብ የወረደ ሰው ይህን ለማመን ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም።

የተሽከርካሪው አሠራር ታሪክንም ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1935 በደምበጉና የራስ እምሩ ጦር የጣሊያንን ትናንሽ ታንኮች እንዴት እንደማረከ ስናነብ ብዙዎቻችን በጀግንነቱ እንደነቃለን፤ ተገቢም ነው። ከዚያ ላይ ግን ሲ ቪ 33 የሚባለውን ተሽከርካሪ አሠራር ያጠና ሰው፣ ሦስት ቶን የምትመዝነው ይህች ታንክ የሚዞር ማማ እንደሌላትና መትረየሷ ወደ ፊት ብቻ በጠባብ ማዕዘን እንደሚተኩስ ያውቃል። ከኋላና ከጎን የወጡባት ተዋጊዎች ድክመቷን በቦታው አንብበው ነው የተዋጉት።

አሁን ወደ ቀለሙ ልመለስ፤ ትልቁ ጥፋት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። መኪናው በተገዛ በሳምንቱ ወደ ባትላሜራ ይወሰድና በአሸዋ ተገርፎ ነጭ ብረት ይሆናል። ባለቤቱ ንጹሕ ሆነ ይላል፤ እኔ ግን ምስክሩ ተገደለ እላለሁ። አሸዋው ቀጭኑን ላሜራ አግሎ ከማጣመሙም በላይ የቀለሙን ታሪክ በሙሉ ጠርጎ ይወስዳል። ዳር ዳሩ የተበላ ብራና ያገኘ ደብተራ ጽሑፉን ፍቆ በአዲስ ቀለም አይጽፍበትም፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ከኮፈኑ ጎን የሳንቲም ያህል ቦታ ምረጡና በውሃ በራሰ ቀጭን የብርጭቆ ወረቀት በዝግታ፣ እያከበባችሁ እሹት። ቀለሙ በቀለበት በቀለበት ይገለጣል፦ ከላይ የመጨረሻው ባለቤት የቀባው፣ ከሥሩ ምናልባት የአንድ መሥሪያ ቤት ቀለም፣ ከዚያ የሠራዊት አረንጓዴ፣ መጨረሻ ላይ የፋብሪካው። የጦሩ ጂፕ በኮፈኑ ጎን ላይ በ20 የሚጀምር የምዝገባ ቁጥር ነበረው፤ በጦርነቱ መጀመሪያ የተጻፉት በደብዛዛ ሰማያዊ፣ በኋላ የመጡት በነጭ ናቸው። ሰማያዊው ከአረንጓዴው ጋር ስለሚዋሐድ በፀሐይ ፊት አይታይም። ጨለም ባለ ቤት ውስጥ መብራቱን ከላሜራው ጋር አስተካክላችሁ በጎን ስታበሩት የቁጥሩ ጠርዝ ጥላ ይጥላል። ቁጥሩ ከተገኘ መኪናው መቼ ለጦሩ እንደገባ ለመከታተል መንገድ ይከፈታል፤ አንዴ ከተገረፈ ግን ማንም ሊመልሰው አይችልም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የፈሰሰ ቀለም ግን የሚለቀም አይደለም።

ስለ ዕቃ አብዝቼ አልናገርም። ሶማሌ ተራና ምናለሽ ተራ ዞር ዞር ያለ ሰው ያልጠበቀውን ያገኛል፤ ቁራሌው ከወሰደው በኋላ ግን የት እንደገባ አይታወቅም፣ ብዙውም ወደ ማቅለጫ ሄዷል። ባለ 6 ቮልቱን ወደ 12 መለወጥ የምትፈልጉ፣ ወይም የቶዮታ ሞተር ገጥማችሁ በየቀኑ ልትነዱት ያሰባችሁ አትፈሩ፤ መኪናው የእናንተ ነው። የወጣውን ዲናሞ፣ ካርቡሬተርና ገመድ ግን ስሙን ጽፋችሁ በሣጥን አስቀምጡ፤ አዲስ የገባውንም በማስታወሻ መዝግቡ። የሚያሳፍረው የተለወጠ ዕቃ ሳይሆን የተለወጠውን የፋብሪካ ነው ብሎ መሸጥ ነው።

ከዚህ በታች ያለውን ግን እንደ ምክር ሳይሆን እንደ ትእዛዝ ቁጠሩት። የጦሩ ጂፕ ኮምባት የሚባለው ቸርኬ ሁለት ግማሽ ሆኖ በብሎን የተያያዘ ነው፤ ጎማው አየር እንደያዘ የተሳሳተውን ዳዶ የፈታ ሰው ግማሹ ቸርኬ እንደ ጥይት ተወርውሮ ይገድለዋል። ስለዚህ የአየር መሙያውን ልብ አውጥታችሁ ጎማው ጨርሶ መተንፈሱን ሳታረጋግጡ አንድም ዳዶ አትንኩ። ባለ ቀለበት ቸርኬ ያላቸው ካሚዮኖችም አደጋቸው ይኸው ነው፤ የቆየ ጎሚስታ ሲነፋ ለምን ከፊት ለፊት እንደማይቆም ጠይቁት። በጨለማ እንዲያበሩ በተቀቡ አሮጌ የዳሽቦርድ ጠቋሚዎች ውስጥ ራዲየም አለ። ዛሬ ስለማያበሩ የሞቱ ይመስላሉ፤ የደከመው ግን የሚያበራው ማዕድን ነው፣ ራዲየሙ በ1,600 ዓመት ገደማ ግማሹ ብቻ ነው የሚያልቀው። መስታወቱን አትክፈቱ፣ ቀለሙን አትፋቁ። የአሮጌ ፍሬንና ፍሪሲዮን ሸራ አስቤስቶስ ስላለበት ብናኙን በአየር አታራግፉ፣ በውሃ አርጥባችሁ ጥረጉ። ባዶ ሳልባትዮ ለብየዳ ከሙሉው ይልቅ አደገኛ ነው፤ የሚፈነዳው በውስጡ የቀረው የነዳጅ ተን ነው። ሜዳ ላይ የተቃጠለ ታንክ ወይም ብረት ለበስ ካገኛችሁ ፎቶግራፍ አንሡና ተመለሱ፤ በውስጡ ያልፈነዳ ጥይት ሊኖር ይችላል፣ ንብረትነቱም የእናንተ አይደለም። ለአካባቢው አስተዳደር ሳታሳውቁ አንዲት ብሎን አትፍቱ።

በመጨረሻ ስለ እርግጠኝነት አንድ ነገር ልበል። በእንግሊዝ አገር ዶርሴት በሚገኘው የቦቪንግተን የታንክ ሙዚየም ታይገር 131 የተባለ የጀርመን ታንክ አለ፤ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1943 በቱኒዚያ የተማረከ ነው። ለረጅም ዘመን የተማረከው በወሩ 21ኛ ቀን በአንድ ተራራ ላይ ነው ሲባል ቆይቶ፣ በኋላ ተመራማሪዎች የጦር ክፍሎችን መዝገብና የአሮጌ ፎቶግራፎችን መልክዓ ምድር አመሳክረው ቀኑ 24፣ ቦታውም ሌላ ኮረብታ መሆኑን አሳዩ። ታንኩ ሲታደስም የራሱ ዓይነት ሞተር ተቆርጦ ለማስተማሪያ ውሎ ስለነበር ከሌላ ታይገር የተወሰደ የኋላ ዘመን ሞተር ተገጠመለት፤ ይህም አልተደበቀም። ብዙ ባለሙያና ብዙ ሰነድ ያለው ሙዚየም እንዲህ ታሪኩን የሚያርም ከሆነ፣ እናንተም በማስታወሻችሁ ላይ ያያችሁትን፣ የሰማችሁትንና የገመታችሁትን በየዓምዱ ለዩት።

የሰማችሁት በሚለው ዓምድ ውስጥ ብዙ እንዲገባ እመኛለሁ። ጡረታ የወጡ የሠራዊት ሾፌሮችና መካኒኮች ዛሬም በየሰፈሩ አሉ። ቡና አስፈልታችሁ አረፍ በሉና ዋዙን በአሸዋ እንዴት እንደነዱት፣ ዚሉ በቆላ ሙቀት ሲግል ምን ያደርጉ እንደነበር፣ ባሌስትራ መንገድ ላይ ሲሰበር በምን አስረው እንደገቡ ጠይቋቸው፤ ከፈቀዱላችሁም ድምፃቸውን ቅዱ። ዓመተ ምሕረቱን ሊያምታቱት ይችላሉ፣ እርሱን ከሻንሲው ቁጥር ታገኙታላችሁ። በየትኛው የጦር ክፍል ውስጥ ምን ዓይነት መኪና እንደነበረና የትኛው ብልሽት በጦር ሜዳ እንዴት እንደተጠገነ ግን ከእነርሱ ሌላ የሚነግራችሁ አታገኙምና መኪናውን ከመፍታታችሁ አስቀድማችሁ ወደ እነርሱ ሂዱ።