የአንባቢያን ጥያቄ፦ በካያክ ባሕር ላይ ዓሣ ለማጥመድ ምን እንግዛ?

ጥያቄ፦ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ በካያክ (በመቅዘፊያ በሚነዳ ጠባብ ጀልባ) ዓሣ ማጥመድ ልጀምር አስቤያለሁ። 1,500 ዶላር ይዣለሁ። ስንቱን ለካያኩ፣ ስንቱን ለዘንግና ለሪል ላውል?

መልስ፦ ከክፍፍሉ በፊት ቅደም ተከተሉን ይወስኑ። የእኛ ምክር ላይፍ ጃኬት መጀመሪያ፣ ካያክና መቅዘፊያ ቀጥሎ፣ ከዚያ ሬዲዮ፣ ዘንግና ሪል (ክሩ የሚጠቀለልበት መዘውር) መጨረሻ ነው። ብዙ ሰው ግን ከዘንጉ ይጀምርና ጃኬቱ ጋ ሲደርስ እጁ ላይ የሚቀረው 25 ዶላር ነው። በዚያ ዋጋ የሚገኘው ጃኬት ጀርባው ወፍራም ስለሆነ ከካያኩ ወንበር ጋር እየተጋፋ ወደ አገጭ ይወጣል፤ ባለቤቱም ይሰለቸውና አውልቆ ከወንበሩ ኋላ ይጥለዋል። ካያክ ሲገለበጥ ያልተለበሰ ጃኬት ተንሳፎ ይሄዳል እንጂ ማንንም አያድንም። ለካያክ ዓሣ አጥማጆች የተሠራው ዓይነት የታችኛው ጀርባው መረብ ሆኖ ስፖንጁ ከትከሻ አካባቢ ስለሚጀምር ቀኑን ሙሉ ለብሰውት ቢውሉ አያስቸግርም። ከ100 እስከ 150 ዶላር ይመድቡለት።

ለካያኩ 750 ዶላር ያህል ይያዙና ያገለገለ ይፈልጉ። ከላዩ የሚቀመጡበትና የገባበትን ውሃ በወለሉ ቀዳዳዎች ራሱ የሚያፈስ ዓይነት ይሁን። 12 ጫማ፣ ማለትም 3.6 ሜትር ገደማ ርዝመት፣ ከ76 እስከ 86 ሳንቲሜትር ስፋት ለባሕረ ሰላጤው ይስማማል። ከ10 ጫማ ያነሰው አቅጣጫ አይጠብቅም፤ ነፋስ ሲነሳ ጉልበትዎን በሙሉ ለመቅዘፍ ብቻ ይጨርሳሉ። አምራቹ የጻፈውን የመሸከም አቅም እንዳለ አይመኑት፤ ከ70 በመቶው በላይ አይጫኑ። 160 ኪሎ ይችላል የተባለ ካያክ የራስዎን ክብደት ጨምሮ ከ110 ኪሎ ባይበልጥ ይመረጣል። ከዚያ ካለፈ ውሃው በእነዚያው ቀዳዳዎች ወደ ላይ እየወጣ ወንበሩን ያረጥባል፣ ካያኩም ይከብዳል።

ያገለገለ ሲገዙ ገልብጠው የቀዳዳዎቹን ጠርዝ በጣትዎ ይዳስሱ። በቀዳዳዎቹ ውስጥ በሚሰካ ጋሪ የተጎተተ ካያክ ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው እዚያ ነው። የኋላው ጫፍ አስፋልት ላይ ተጎትቶ ሳስቶ እንደሆነም ይመልከቱ። ቀድሞ ባለቤቱ ለዘንግ መያዣ የበሳቸው ቀዳዳዎች በማሸጊያ ካልተደፈኑ ውሃ ቀስ እያለ ወደ ቀፎው (ወደ ካያኩ ባዶ ሆድ) ይገባል፤ ቀፎ ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተት ውሃ ደግሞ ካያኩን ሚዛን ያሳጣዋል። በፔዳል የሚሠራው ምቹ መሆኑ አይካድም፤ በዚህ በጀት ግን አይታሰብ፣ ጨው የሚበላው ተንቀሳቃሽ ክፍልም ብዙ አለው።

ወንበሩ ከፍ ያለ ከሆነ 240 ሳንቲሜትር የሆነ፣ ዘንጉ ፋይበርግላስ የሆነ መቅዘፊያ በ150 ዶላር አካባቢ ይገኛል። ከ130 ዶላር ባልበለጠ ደግሞ ውሃ የማይገባው፣ የሚንሳፈፍ ባለ 5 ዋት ቪኤችኤፍ (የባሕር ላይ መገናኛ) ሬዲዮ ይግዙ። የድረሱልኝ ጥሪ በቻናል 16 ነው። ሬዲዮው ጃኬትዎ ላይ እንጂ ካያኩ ላይ አይታሰር፤ ከካያኩ ቢለያዩ የሚያስፈልግዎ ያኔ ነውና። ፊሽካም ጃኬቱ ላይ ይንጠልጠል። በጨለማ ከወጡ ነጭ መብራት መያዝ ግዴታ ነው።

ለዘንግና ሪል 180 ዶላር ይበቃል። የቀረው ለልብስ ይሁን። ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ አየሩ ቢሞቅም ውሃው ገና ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ነው። እንዲህ ባለ ውሃ የወደቀ ሰው የመጀመሪያው አንድ ደቂቃ ትንፋሹን ለመቆጣጠር ይታገላል፤ እጅና እግሩ በደንብ የሚታዘዙት ለ10 ደቂቃ ያህል ነው። ስለዚህ የሚለበሰው ለአየሩ ሳይሆን ለውሃው ነው። ለቀዝቃዛ ውሃ የሚሆን ልብስ ለመግዛት ገንዘብ ካልበቃ እስከ ጁን ይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ቆሮሶ ሳጠምድ አድጌ አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነኝ። ለሐይቅ የምጠቀምበት ሪል ባሕር ላይ በአንድ በጋ ደርቆ አልዞር አለ። ድራጉም አንዴ ይይዛል፣ አንዴ ይለቃል። ምን ልግዛ?

መልስ፦ ሪሉን ያደረቀው ጨው ነው። ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል፤ ጨው ከአየር እርጥበት እየሳበ አሉሚኒየሙን ይበላል። በተለይ የብረት ብሎን ከአሉሚኒየም ጋር የሚነካካበት ቦታ ፈጥኖ ይበላሻል። ድራግ ማለት ዓሣው ሲሮጥ ክሩን በልክ እየያዘ የሚለቀው ፍሬን ነው፤ በርካሽ ሪሎች ውስጥ ያለው የጨርቅ ሸክላ ጨው ጠጥቶ ሲደርቅ ይጣበቃል። አንዴ ይዞ አንዴ የሚለቀው ለዚህ ነው።

አዲስ ሲገዙ የመጠን ቁጥሩ ከ3000 እስከ 4000 የሆነ፣ የድራጉ ሸክላ ካርቦን የሆነና ውሃ እንዳይገባው የታሸገ ሪል ይምረጡ። ዘንጉ 7 ጫማ፣ ጥንካሬው መካከለኛ ይሁን። ዓሣው በካያኩ አፍንጫ በኩል ሲዞር ዘንጉን አሳልፈው መከተል አለብዎት፤ አጭር ዘንግ እዚያ አይደርስም። እጀታው በጣም የረዘመ ደግሞ ከጃኬትዎ ጋር እየተያያዘ ያስቸግራል።

ክሩ 20 ፓውንድ የሚችል ብሬድ (የተገመደ ክር) ይሁን፣ 150 ሜትር ይበቃል። ከስሩ ግን 10 ሜትር ያህል ተራ ናይለን ይጠቅልሉ፤ ብሬድ በባዶ ሪል ላይ በቀጥታ ሲታሰር ይንሸራተትና ድራጉ የተበላሸ ይመስላል። በጫፉ ከ60 እስከ 90 ሳንቲሜትር ፍሎሮካርቦን የተባለውን ክር፣ ከ20 እስከ 30 ፓውንድ የሚችለውን ያድርጉ። ለማያያዣ ድርብ ዩኒ ቋጠሮ በቂ ነው፦ በብሬዱ በኩል 6 ዙር፣ በፍሎሮካርቦኑ በኩል 4። ከማጥበቅዎ በፊት በምራቅ ያርጥቡት፤ ደረቅ ቋጠሮ ሲጠብቅ በሰበቃ ይሞቅና ይዳከማል። ብሉፊሽ በብዛት ሲኖር ጥርሱ ይህን ሁሉ በአንድ ንክሻ ስለሚቆርጥ 15 ሳንቲሜትር ሽቦ ይጨምሩ።

ድራጉን በእጅ ግምት አያስተካክሉ። ክሩን ከትንሽ የእጅ ሚዛን ጋር አስረው ይሳቡ፤ ለ20 ፓውንድ ክር ከ2 እስከ 2.5 ኪሎ ላይ መልቀቅ ይጀምር። ካያኩ ራሱ በዓሣው ስለሚጎተት የኃይሉን ከፊል ይወስዳል፤ ከዚህ በላይ ማጥበቅ ትርፉ ኪሳራ ነው። ዓሣው ከስር ሲገባ ድራጉ ካልለቀቀ ዘንጉ በካያኩ ጠርዝ ላይ ይሰበራል፣ ካልተሰበረም ሰውየው ተከትሎት ውሃ ውስጥ ይገባል።

አጠባው ከዋጋው በላይ የሪሉን ዕድሜ ይወስናል። ከባሕር እንደተመለሱ ድራጉን አጥብቀው በቀስታ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ለአንድ ደቂቃ ያህል ያጥቡት። በግፊት የሚረጭ ቧንቧ ጨዉን ወደ ውስጥ ይገፋዋልና አይጠቀሙ። አራግፈው ድራጉን ሙሉ በሙሉ ያላሉና ጥላ ላይ ያድርቁት። ድራጉ እንደጠበቀ ከተቀመጠ ሸክላዎቹ ይጨመቃሉ። ክሩ የሚያልፍባትን ትንሽ ጎማ በየጊዜው በጣት ያዙሯት፣ አንድ ጠብታ ዘይትም አይንፈጓት። ብዙ ጊዜ ቀድማ የምትሞተው እሷ ናት፤ መዞር ካቆመች ክሩ ይጠማዘዛል፣ ይላላጣልም።

ጥያቄ፦ ከአሽዶድ ነው። ከባሕር ዳርቻው ስነሳ ማዕበሉ ሁለት ጊዜ ገልብጦኝ ዘንጎቼ ተሰባበሩ። የተሻለ የዘንግ መያዣ አለ?

መልስ፦ ችግሩ መያዣው አይደለም። ማዕበል የሚሰበርበትን መስመር ሲያልፉ ዘንግ ቀጥ ብሎ መቆም የለበትም፤ ካያኩ ሲገለበጥ ዘንጉ አሸዋው ላይ ይተከልና ይሰበራል። ቀፎው ውስጥ ያስገቡት፣ ካልገባ አጋድመው በጠፍር ይሰሩት። ሳጥኑ፣ መቆንጠጫው፣ የዓሣ መፈለጊያው ሳይቀር ይታሰር ወይም ይግባ። ጥልቅ ውሃ ላይ የሚጠቅሙትን የዘንግና የመቅዘፊያ ገመዶች ግን እዚህ ይፍቱ፤ ማዕበል ውስጥ እግርና አንገት ላይ ይጠመጠማሉ።

ማዕበል በቡድን ነው የሚመጣው። ዳር ቆመው ትላልቆቹ እስኪያልፉ ይጠብቁ፣ ከዚያ አፍንጫውን ወደ ማዕበሉ ቀጥ አድርገው ሳያቋርጡ ይቅዘፉ። ሲመለሱ ከካያኩና ከዳርቻው መካከል በፍጹም አይቁሙ፤ ውሃ የሞላው ካያክ በማዕበል ሲገፋ እግር ይሰብራል። በበጋ ከሰዓት የባሕሩ ነፋስ ስለሚበረታ ንጋት ላይ ወጥተው ከእኩለ ቀን በፊት መመለስ ይሻላል። ዕቃ ሳይጭኑ፣ ጸጥ ባለ ቀን፣ እግር በማይደርስበት ውሃ ተገልብጦ መውጣትንም ይለማመዱ፦ ካያኩን መልሰው ያቅኑ፣ በሆድዎ ተስበው መሐሉ ላይ ይተኙ፣ እግርዎ ውሃውን እየመታ ይግፋዎት፣ ከዚያ ተገልብጠው ይቀመጡ።

ጥያቄ፦ መልሕቁን በጎን ባስረው ምን ችግር አለው? እጄ የሚደርሰው እዚያ ነው።

መልስ፦ ይገለብጥዎታል። ፍሰቱ ካያኩን ወደ አንድ በኩል ሲገፋ ገመዱ የታሰረበትን ጎን ወደ ታች ይስበዋል። ገመዱ ከአፍንጫው ወይም ከጅራቱ ይውጣ፤ ከእጅዎ እስከ ጫፉ የሚመላለስ የገመድ ቀለበት በትንሽ መዘውር ቢዘረጉ ሳይነሱ ያንቀሳቅሱታል። 1.5 ኪሎ ታጣፊ መልሕቅና የጥልቀቱን ከ5 እስከ 7 እጥፍ ገመድ ይበቃል። የገመዱ ጫፍ ላይ ተንሳፋፊ ያስሩና በአንድ ምዘዛ የሚለቀቅ ያድርጉት፤ ትልቅ ዓሣ ሲይዝ ወይም መርከብ ሲመጣ ለቀውት ሄደው ኋላ ይለቅሙታል። ቢላዋም ጃኬትዎ ላይ ይኑር።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ውስጥ ለሐይቅና ለወንዝ ያወጣሁት ፈቃድ ለባሕረ ሰላጤው ይሠራል?

መልስ፦ አይሠራም፤ የጨው ውሃ ፈቃድ ለብቻው ነው። ስትራይፕድ ባስ የተባለውን ዓሣ መንጠቆ ላይ በሚሰካ ማባበያ ምግብ የሚያጠምዱ ከሆነም ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመላው የአሜሪካ አትላንቲክ ዳርቻ ክብ መንጠቆ (ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ) መጠቀም ግዴታ ነው። በክብ መንጠቆ ዘንጉን በድንገት አይንጠቁ፤ ዝም ብለው ሪሉን ያዙሩ፣ መንጠቆው ራሱ የአፉን ጥግ ይይዛል።