«አይ አም ነርስ» ወይስ «አይ አም ኤ ነርስ»?

እህቴ፣ ማመልከቻሽ ላይ «አይ አም ነርስ» ብለሽ ጽፈሽ «ኤ» ጎደለው ያሉሽ ልክ ናቸው። «ሺ ዎዝ አፖይንትድ ዳይሬክተር» የሚለው ግን ያለ «ኤ»ም ልክ ነው፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

የመጀመሪያው ስህተት ከአማርኛችን የመጣ ነው። «ነርስ ነኝ» ስንል የሚጎድል ነገር የለም፤ «አንድ ነርስ ነኝ» የሚልም የለም። እንግሊዝኛ ግን የሚቆጠርን ስም በነጠላ ራቁቱን አይተወውም፤ «አይ አም ኤ ነርስ» ይላል። ብዙ ሲሆኑ «ኤ» ይወጣል። ማመልከቻ ላይ በብዛት የሚዘለለው ከ«አዝ» በኋላ ነው፤ «አይ ወርክድ አዝ ኤ ነርስ» በይ። «አይ አም ኤ ስታፍ» ደግሞ አይባልም፤ ስታፍ የሠራተኞቹ ስብስብ ስለሆነ «ኤ ስታፍ ሜምበር» ነው።

«ኤ» ወይም «አን» የሚመረጠው ቀጥሎ በሚሰማው ድምፅ ነው፤ ፊደሉን አትመልከቺ። ጤና መኮንን በሙሉ ሲጻፍ «ኤ ሄልዝ ኦፊሰር»፣ ሲያጥር ግን «አን ኤች ኦ» ይሆናል፤ «ኤች» በአናባቢ ድምፅ ይጀምራላ! «ዩኒቨርሲቲ ሌክቸረር» በአናባቢ ፊደል ቢጻፍም የሚሰማው «ይ» ስለሆነ «ኤ» ይወስዳል። ቅጽል ከገባ የሚታየው ቅጽሉ ነው፤ «አን ኤክስፒሪየንስድ ነርስ»።

አሁን ወደ ዳይሬክተሯ። በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ የሚይዘው ሹመት ከ«አፖይንት»፣ ከ«ኢሌክት» ወይም ከ«ቢከም» በኋላ ሲመጣ አርቲክሉን (ከስም በፊት የሚገባውን «ኤ»፣ «አን» ወይም «ዘ») መተው ይቻላል። «ፋሲለደስ ቢኬም ኢምፐረር ኢን 1632» (እ.ኤ.አ.) የሚባለው ለዚህ ነው። ማዕረጉ ከስም በፊት ሲቀመጥም «ኢምፐረር ፋሲለደስ» ነው። «ጎንደርን የቆረቆረው ንጉሥ» ለማለት ግን የትኛው ንጉሥ እንደሆነ ስለተለየ «ዘ ኢምፐረር ሁ ፋውንድድ ጎንደር» ይባላል፤ እዚህ «ዘ» ከቀረ ስህተት ነው።

ይህን ፈቃድ ለነርስነት አታውዪው። ነርሶች ብዙ ናቸው፤ «ሺ ቢኬም ነርስ» አይሆንም፣ «ኤ» ይፈልጋል። የዋርዱ ብቸኛ ኃላፊ ከሆንሽ «ሄድ ነርስ ኦቭ ዘ ዋርድ» ወይም «ዘ ሄድ ነርስ ኦቭ ዘ ዋርድ» ሁለቱም ያስኬዳል፤ «ኤ ሄድ ነርስ ኦቭ ዘ ዋርድ» ካልሽ ግን ሌሎችም ኃላፊዎች ያሉ ያስመስላል። ሲቪው አናት ላይ ከስምሽ ሥር ሙያሽን ብቻ ስትጽፊ ዐረፍተ ነገር ስላልሆነ «ክሊኒካል ነርስ» ብለሽ ተዪው።